ማሽኑን ከመክሰስዎ በፊት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከውጭ የሚመጡ ልጆች ለወላጆቻቸው ከሚያመጡት ስጦታ አንዱ የቤት ቡና ማሽን ሆኗል። ልጁ ኪሎ እየተቆጠረበት በሻንጣ ይዞት ይመጣል፤ እሱ እስካለ ድረስ ቤቱ በየማለዳው ማኪያቶ ይጠጣል። ሲመለስ ማሽኑም አብሮት የሄደ ይመስላል። ቡናው ወይ እንደ ሻይ ቀጥኖ ይወርዳል፣ ወይ ጭራሽ አልወርድም ይላል። ከዚያ ዳንቴል ይለብስና ብፌው ላይ ይቀመጣል። ልጁ በስልክ «ማሽኑስ?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ በጣም ጥሩ ነው!» ይባላል።

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግሜ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። «ግፊቱ ጠፍቷል፣ ፓምፑ ይቀየር ተብያለሁ፤ ላስቀይረው ወይ?» ይሉኛል። መልሴ «ይቆዩ፣ መጀመሪያ ቡናውን እንየው» ነው። በዘመድና በጎረቤት ቤት ካየኋቸው ማሽኖች አብዛኞቹ ምንም አልነበራቸውም። ፓምፕ መፈታታቱ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

ኤስፕሬሶ የሚወጣው ሙቅ ውሃ በ9 ባር ገደማ ግፊት በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ሲያልፍ ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2 ተኩል ባር ቢሆን ነው፤ ያቺ ትንሽ ማሽን የምትሠራው ከዚያ አራት እጥፍ በሚጠጋ ግፊት ነው ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «15 ባር» ደግሞ ፓምፑ መውጫው ቢዘጋበት ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ቡና ሲወርድ መለኪያው 15 ላይ አልደረሰም ብለው አይጨነቁ።

አሁን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያስቡ። ጫፉን በአውራ ጣትዎ ሲያፍኑት ውሃው ርቆ ይረጫል፤ ጣትዎን ሲያነሱ እግርዎ ሥር ይንዶለዶላል። ቧንቧው ያው ነው፤ የተለወጠው ጣትዎ ነው። ፓምፕም ውሃ ይገፋል እንጂ የሚያግደው ነገር ካላገኘ ግፊት አይኖረውም። በማሽኑ ውስጥ ጣቱ ቡናው ነው። ቡናው ሸካራ ከሆነ ጣቱ ተነሥቷል ማለት ነው፤ መለኪያው ዝቅ ይላል፣ ቡናው ይፈጥናል። ቡናው ከልክ በላይ የላመ ከሆነ ጣቱ ጨርሶ ደፍኖታል፤ መለኪያው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቡናው ጠብ ጠብ ይላል ወይም ይቀራል።

መጀመሪያ ማሽኑን ብቻውን ይፈትኑ

ባለ እጀታውን ማጣሪያ አውልቀው፣ ያለ ቡና፣ ውሃውን ወደ ኩባያ ይልቀቁ። ሳይቆራረጥ በደንብ ከወረደ ፓምፑ እየሠራ ነው። ያን ጊዜ የግፊት መለኪያው ዜሮ አካባቢ ቢሆን ትክክል ነው፤ የሚያግደው ቡና የለማ።

ውሃው ካልመጣ ጋኑ በደንብ መግባቱን ይዩ። ማሽኑ ለወራት ተቀምጦ ከነበረ ፓምፑ ውስጥ አየር ይገባል፤ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው፣ ሥሩ ኩባያ ይዘው፣ ውሃው ተከታትሎ እስኪመጣ ለጥቂት ሰከንድ ያሠሩት። አሁንም ከሌለ የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ከጋገረ፣ ያው ጨው በማሽኑ ቀጭን ቱቦዎች ውስጥም አለ ማለት ነው። አብሮ የመጣው መመሪያ በሚለው መንገድ ማጠብ ያስፈልገዋል።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማሽኑ ግን ውሃውን ከዚያ በላይ ሊያሞቀው ይችላል። ስለዚህ ያለ ቡና ሲለቁት መጀመሪያ ላይ እንፋሎት እየተፋ «ፍሽሽ» ቢል ብልሽት አይደለም። ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ አገር ለሚኖረው ልጅዎ እንዲህ አያደርግ ይሆናል።

መብራቱንም ይጠይቁ

የማሽኑን ጀርባ ወይም ሆድ ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በርካሽ የሚሸጠው የሶኬት መለወጫ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፤ በእሱ መሰካት ማሽኑን ማቃጠል ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ከማሽኑ የሚበልጥ መሆን አለበት። ማሽኑ 1500 ዋት ከሆነ ትራንስፎርመሩ 2000 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። እንዲያም ሆኖ ትራንስፎርመሩ ኸርዙን አይቀይርም። በቤት ማሽኖች የተለመደው ነዛሪ ፓምፕ ደግሞ የሚመታው በኸርዙ ልክ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲመታ የተሠራው እዚህ 50 ይመታል፣ ይደክማልም። ልጅዎ ገና ሊገዛ ያሰበ ከሆነ ይህን ቀድመው ይንገሩት።

ማሽኑ 220 ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ያስተውሉ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይወርዳል፣ ፓምፑም አብሮ ይወርዳል። ጠዋት ይሞክሩት።

የጀበናው ቡና ለምን አይሆንም?

ብዙዎቻችን የምንቸገረው እዚህ ነው። ቡና ማፍላት የምናውቅ ሰዎች ነንና ለጀበና የምንወቅጠውን ለማሽኑ እንሰጠዋለን። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ግን ዱቄቱም ስብርባሪውም አንድ ላይ ነው። ጀበና ይህን ይችለዋል፤ ረጋ ሲል አተላው ከታች ይዘቅጣል፣ እኛ ከላይ እንቀዳለን። ማሽን ማረፊያ ጊዜ የለውም። ውሃው በስብርባሪው መካከል ቀጭን መንገድ ያገኝና በዚያ ብቻ ይሮጣል፤ ዱቄቱ ደግሞ ወንፊቱን ይደፍናል። ምላጩ የሚሽከረከረው ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫም ያው ነው፤ ይቆራርጣል እንጂ እኩል አይፈጭም። ለማሽን የሚሆነው ሁለት ጥርሶች ተጋጥመው የሚፈጩበትና ቁጥር እየተለወጠ የሚጠብቅና የሚላላ መፍጫ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አቆላሉ ነው። ለጀበና ቆልተን ጭሱ ሳይበርድ እንወቅጣለን፤ ደስታውም እሱ ነው። አሁን የተቆላ ቡና ግን ውስጡ ጋዝ ሞልቶታል። በማሽን ሲያፈሉት ጋዙ እየገፋ አረፋውን ያበዛዋል፣ አወራረዱንም ይረብሸዋል። ለማሽን የሚሆነውን ቆልተው፣ ሳምንት ያህል በተከደነ ዕቃ ያሳርፉት። በተቃራኒው ከሱቅ የተፈጨ ተገዝቶ ለወራት ከተቀመጠ ጋዙም ሽታውም ሄዷል፤ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ክሬማም አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ወንፊቱን ገልብጠው ይዩት። ከታች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ ግፊቱን ራሱ ስለሚያግዝ ከሱቅ የተፈጨ ቡና ይቀበላል። በጣም የላመ ካደረጉበት ግን ያቺ ቀዳዳ ትደፈናለች። መላ ሥሩ እንደ ዱቄት ወንፊት የተበሳሳ ከሆነ ሥራው ሁሉ የአፈጫጩ ነው። ጥሩ መፍጫ ለሌለው ቤት ባለ አንድ ቀዳዳው ይሻላል።

ሚዛንና ሰዓት

ምላስ ከመፍረዱ በፊት ቁጥር ይፍረድ። ትንሽ የኩሽና ሚዛንና የስልክዎ ሰዓት ይበቃሉ። ወንፊቱ 18 ግራም የሚይዝ ከሆነ 18 ግራም ቡና ያስገቡ፤ ላዩን አስተካክለው፣ ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው ይጠቅጥቁ። ፓምፑን ሲያስነሡ ሰዓቱንም ያስነሡ፤ ሲኒው ውስጥ 36 ግራም ሲሞላ ያቁሙ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ከወሰደ መልካም ነው። በ12 ሰከንድ ካለቀ መፍጫውን ያጥብቁ፤ 45 ከደረሰ ያላሉ። የሚለውጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። መጠኑንም፣ አፈጫጩንም፣ አጠቃጠቁንም በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የትኛው እንደረዳ አያውቁም። ቁጥሩን ከለወጡ በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ቁንጥር ይጣሉት፤ የቀድሞው አፈጫጭ ትራፊ ነው።

በቅርቡ ፓምፕ ሊያስቀይሩ የነበሩ አንዲት ጎረቤቴ ዘንድ ይህንኑ አደረግን። መጀመሪያ በ11 ሰከንድ ወረደ። መፍጫውን ሁለት ቁጥር አጠበቅነው፤ 19 ሆነ። አንድ ጨመርን፤ 27። የግፊቱ መለኪያ ማንም ሳይነካው ከ4 ተነሥቶ 9 ላይ ቆመ። ለፓምፕ የተባሉት ገንዘብ መቀነታቸው ውስጥ ቀረ።

ቡናው በወንፊቱ ሳይሆን በማጣሪያው ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ጎሚኒው ደርቋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ መቀየሩም ቀላል። ቡናው ልክ ተፈጭቶ፣ ልክ ተመዝኖ፣ መብራቱ ደህና ሆኖ መለኪያው አሁንም ካልተነሣ፣ ያን ጊዜ ባለሙያ ይጥሩ። ያደረጉትን ሁሉ በሰከንድና በግራም ይንገሩት፤ ቁጥር ይዞ የሚናገርን ሰው ማንም በቀላሉ አያታልለውም።

የልጅ ልጆች ላሉበት ቤት

ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ቡናው ከላመና አልወርድ ካለ፣ ማጣሪያውን በንዴት አይንቀሉት። ፓምፑ ቢቆምም ግፊቱ ውስጥ ታፍኗል፤ ሲላቀቅ ትኩሱ አተላ ፊት ላይ ይፈነጥቃል። ፓምፑን ያጥፉ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ እጅዎን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ ፊትዎን ዘወር አድርገው፣ ቀስ ብለው ያላሉት። ማሽኑ የሚቆመው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ጋ ይሁን፤ ገመዱም አይንጠልጠል። የልጅ ዓይን የሚደርሰው ልክ የእንፋሎቱ ቱቦ ካለበት ከፍታ ነው።

ዛሬ ማታ ልጅዎ ሲደውል ታዲያ «በጣም ጥሩ ነው» ብለው አይለፉት። «ማሽኑ ደህና ነው፣ የጎደለን መፍጫ ነው» ይበሉት። ልጆቻችን ያመጡልንን ዕቃ ሳንጠቀምበት ከማመስገን፣ የጎደለውን ነግረን ብንጠቀምበት እነሱም ደስ ይላቸዋል። ጀበናውም አይቀየምም፤ የእሁዱ ቡና መቼም የእሱ ነው።

ሳምንት በሌላ የቤት ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።