ልጆቻችን ሲገናኙ በምን ይነጋገሩ?

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ልጇን ይዛ ከጄኔቭ እኛ ጋ ዙሪክ መጥታ ነበር። በባቡር ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኔ የምኖረው ቪዲኮን በምትባል ሰፈር ነው። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ አምስት ልትሞላ ነው። ዶሮው እስኪቀርብ ሁለቱን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠን ይጫወታሉ ብለን ኩሽና ገባን። ትንሽ ቆይቶ ልጄ መጣና በጀርመንኛ፣ ያውም በዙሪክ ዘዬ፣ «አባዬ፣ እሷ መናገር አትችልም» አለኝ። ለካ እሷም ለእናቷ በፈረንሳይኛ ያንኑ እየነገረቻት ነበር።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን።

በዙሪክ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ የሚጀመረው 5ኛ ክፍል ነው። እንግዲህ የአክስትና የአጎት ልጆች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የስዊስ ትምህርት ቤትን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ልጄ 11 ዓመት እስኪሆነው መታገስ አለብን ማለት ነው። ሁለቱን ዛሬውኑ ሊያገናኝ የሚችል አንድ ቋንቋ ነበር፤ ደሴ ያለችው አያታቸው የምትናገረው። እሱን ደግሞ እኛው ነን ሳንሰጣቸው የቀረነው።

«ታዲያ ለምን አታስተምሩም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሞክረናል እኮ! ዓምና ከጥቂት ወላጆች ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት የተረት ጊዜ ጀምረን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። 231ዱን ፊደል ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ወንበር በረድፍ ደረደርን። አንድ አባት ስለ ቋንቋና ማንነት ሃያ ደቂቃ ንግግር አደረገ (አባትየው እኔ ነኝ)። ከዚያ ፎቶ ተነሳን። ተረቱ ሲጀመር የሦስት ዓመቶቹ ግማሾቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል፣ አንዷ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ከ14 ልጅ አራት ቀረ። እኛም እንደ ልማዳችን «ወላጁ ግድ የለውም» ብለን ዘጋነው።

ጥፋቱ የወላጁ እንዳልነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከ1896 ጀምሮ ከተማዋን የሚያገለግለው የፔስታሎዚ ቤተ መጻሕፍት እዚሁ እኛ አካባቢ፣ ሲልሲቲ የገበያ ማዕከል ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። ልጄን ይዤ የጀርመንኛ ተረት ላይ ተቀመጥኩ። ተራኪዋ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። ሁልጊዜ በምትከፍትበት አጭር የጣት ጨዋታ ጀመረች፤ አንድ መጽሐፍ ብቻ አነበበች፤ ከዚያ ልጆቹ የተረቱን እንስሳ ከወረቀት ቆርጠው ለጠፉ። አለቀ። ሁሉም ነገር 40 ደቂቃ አልሞላም። ወላጅ ልጁን ጥሎ ቡና ሊጠጣ አይሄድም፤ አብሮ ይቆርጣል፣ አብሮ ይለጥፋል።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ይሄ ለእኛ ምኑ ነው አዲስ? «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የማይመልስ ማን ነበር? መክፈቻው ከነምላሹ አለን። አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ልጆችን ሰብስበው ሲያጫውቱ ተረት ነበር የሚያወሩልን እንጂ ፊደል ሲያስቆጥሩን አላስታውስም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለ በአማርኛ የሚሰጠው የልጆች መጽሐፍ ቢያጣ፣ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም አዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ለልጆች አደረሰ። ስደት ላይ የታየ ጉድለት ነው አገር ቤት ድረስ ሄዶ ሥራ የሆነው።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርነው ስድስት ልጆች ይዘን፣ በአንድ ጓደኛችን ሳሎን ነው። ፊደል የለም፣ ንግግር የለም። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት የጅብ ተረት አወሩ። ልጆቹ ግማሹን ቃል አልሰሙትም፤ ግን እማማ እንደ ጅብ ሲጮኹ የማይሰማ የለም! በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ተረት ደገምነው፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ሰው «አይሰለቻቸውም ወይ?» ይላል። የሚሰለቸው ለትልቅ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ቀድመው «ጅቡ መጣ!» ማለት ጀመሩ፣ በአማርኛ።

የእጅ ሥራው ላይ ግን ተጣላን ማለት ይቻላል። ሽንብራና ምስር በሙጫ እየለጠፉ ጅብ እንዲሠሩ አስቤ ነበር። እማማ አዩና «እህል መጫወቻ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። የእንቁላል ካርቶንና የአሮጌ ጥለት ቁራጭ ተካንበት፤ እንዲያውም የበለጠ አማረ።

ልጆቹ በጀርመንኛ ሲመልሱ «በአማርኛ በል!» ብሎ መቆጣት የለም። ተራኪዋ ያለውን ተቀብላ በአማርኛ ትደግምለታለች፣ በቃ። ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል ብለው የሚፈሩ ወላጆችም አሉ። የስዊስ የሕፃናትና ወጣቶች ሚዲያ ኢንስቲትዩት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ተረት ስጠኝ» እንደ ማለት የሆነ ፕሮግራም አለው፤ ከትምህርት በፊት ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው በእናት ቋንቋቸው ተረት ይሰማሉ። ፕሮግራሙ የቆመው ራሱ የቤት ቋንቋው የጠነከረ ልጅ ጀርመንኛውንም በተሻለ ይይዛል በሚል ሐሳብ ላይ ነው። እዚህ ካንቶን እስከ ሐምሌ መጨረሻ አራት ዓመት የሞላው ልጅ በዚያው ዓመት መዋዕለ ሕፃናት የመግባት ግዴታ አለበት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጀርመንኛ ነው። ያለን ጊዜ ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ስለዚህ ማኅበሮቻችን ለአዲስ ዓመት አዳራሽ ኪራይና ለዘፋኝ ከሚያወጡት ላይ ጥቂት ቀንሰው፣ ተረት ማውራት የሚችሉ ሁለት ሦስት እናቶችንና አባቶችን ወደ እንዲህ ያለ ሥልጠና ቢልኩ ምን ይላቸዋል? በየሰፈሩ ያሉትን ቤተ መጻሕፍትስ ቦታ ስጡን ብሎ መጠየቅ ያን ያህል ይከብዳል?

አንድ አባት ደግሞ «ለምን አማርኛ ብቻ?» ብሎኛል። ባለቤቱ ለልጃቸው የምታወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ስብሰባ ጠርተን ስንከራከር ልጆቹ አድገው ይጠብቁናል፤ ይልቅ ባለቤቱ መጥታ በራሷ ቋንቋ ታውራ አልኩት። እሺ ብላለች። ሰዓቱ ቅዳሜ ጠዋት 10 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የሐበሻ ቀጠሮ ግን አይሠራም፤ የሦስት ዓመት ልጅ አርባ ደቂቃ ከጠበቀ ተረቱ ሳይጀመር እንቅልፉ ይመጣል።

እህቴ ለእንቁጣጣሽ ትመለሳለች። የእማማን ተረት በስልክ ቀድቼ ጄኔቭ ልኬላታለሁ፣ ማታ ማታ ለልጇ እያወራችላት ነው። ልጄ ከወዲሁ «ጅቡን እኔ ነኝ የምሆነው» እያለ ነው፤ «ጅብ» የምትለዋ ብቻ አማርኛ ናት፣ ሌላው ጀርመንኛ።