ፒካፕ ሲገዛ ጭነቱና መንገዱ ይቅደሙ

ግብርናን ስለማዘመን ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰቡት ትራክተር፣ ኮምባይነርና የውኃ መሳቢያ ሞተር ናቸው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያው ከዩኒየኑ መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ምርጥ ዘሩ ወደ ማሳው ዳር፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከመስኖው ወደ ገበያው የሚደርሱት በማጓጓዣ ነው። ማጓጓዣው ከዘገየ ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ እያለ የዘር ወቅት ያልፋል፤ የተለቀመው አትክልትም ፀሐይ ላይ ይበላሻል። ለዚህም ነው ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ዩኒየኖች፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና አቅም ያላቸው አርሶ አደሮች ፒካፕ መኪና ለመግዛት የሚነሱት። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ሊታሰብበት የሚገባው አመራረጡ ነው።

ብዙውን ጊዜ ምርጫው የሚጀመረው ከመኪናው ስም ነው። «ሂሉክስ ይሁን»፣ «ዲማክስ ይሻላል»፣ «ላንድክሩዘር ፒካፕ ካልሆነ አይሆንም» የሚለው ክርክር ይቀድማል። መኪናው ምን ያህል ኩንታል፣ በየትኛው መንገድ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ውጤቱም ይታወቃል። ለግብዓት ማጓጓዣ ተብሎ የተገዛው ደብል ጋቢና ሰው ሲያመላልስ ይከርማል፤ ማዳበሪያው ሲመጣ ማኅበሩ እንደገና የጭነት መኪና ይከራያል። የአባላት ገንዘብ ሁለት ጊዜ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የጭነቱ መጠን ሊሆን ይገባል። በአብዛኛው «የአንድ ቶን ፒካፕ» የሚባሉት መኪኖች የመጫን አቅማቸው ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ማለትም ወደ 10 ኩንታል ይጠጋል። ይህ ቁጥር ግን የእህሉ ብቻ አይደለም። ሾፌሩ፣ ተሳፋሪው፣ የመሣሪያ ሳጥኑና ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ ብረት ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። የመጫን አቅሙ 900 ኪሎ ግራም የሆነ ደብል ጋቢና እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎችን ከያዘ 350 ኪሎ በሰው ተይዟል፤ ለጭነት የሚተርፈው 550 ኪሎ፣ አምስት ኩንታል ተኩል ነው። በዚያ ላይ የደብል ጋቢና የጭነት ሣጥን ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን የሲንግል ጋቢናው ግን ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ለአትክልት ሣጥን፣ ለወተት ጣሳ፣ ለውኃ ቱቦና ለገለባ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሥራው ጭነት ከሆነ ሲንግል ጋቢና ይመረጣል። ሥራው ባለሙያ ማመላለስ ከሆነም ይኸው በግልጽ ተነግሮ ለዚያ የሚሆነው ይገዛ። በአንዱ ስም ሌላውን መግዛት ግን አርሶ አደሩን ያለ ማጓጓዣ ያስቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ተሳቢን ይመለከታል። ፒካፕ ከሣጥኑ በላይ የሚያጓጉዘው በተሳቢ ነው፤ ጥንቃቄ የሚጎድለውም እዚሁ ላይ ነው። አምራቾች ሁለት የተለያዩ የመጎተት ልኮችን ይሰጣሉ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የሚፈቀደው ክብደት በአብዛኛው 750 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም የተሳቢውን የራሱን ብረት ይጨምራል። ፍሬን ካለው እንደ መኪናው ዓይነት ከ2,500 እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። 500 ኪሎ የሚመዝን ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንግዲህ በሕጋዊ ልኩ ከ2 ኩንታል ተኩል በላይ ሊጫንበት አይገባም ማለት ነው። በየከተማው ብየዳ ቤት ተሠርተው፣ ፍሬንም የክብደት ልክም ሳይኖራቸው 15 እና 20 ኩንታል የሚጫንባቸው ተሳቢዎች ምን ያህል አደገኛ እንደሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የመኪናው ጭነትና የተሳቢው ክብደት ተደምረው ሊያልፉት የማይገባ ጠቅላላ ልክ አላቸው። «3,500 ኪሎ ይጎትታል» የተባለ መኪና ሣጥኑ ጢም ብሎ ተጭኖ ያንኑ ያህል ይጎትታል ማለት አይደለም። በተጨማሪም የተሳቢው ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ በመንጠቆው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ይህም ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ካደላ መንጠቆው ወደ ላይ ይነሳና ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ቢጠበብም መኪናውን መቆጣጠር ያዳግተዋል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት ሲያደላ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ መሬት የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል፤ መሪው ይቀላል።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ መሠረታዊ ማኅበር 500 ኩንታል ማዳበሪያ ከ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ያመጣል እንበል። የመጫን አቅሙ 1,000 ኪሎ የሆነ ሲንግል ጋቢና ሾፌርና ረዳት ይዞ 8 ኩንታል ቢጭን 63 ጊዜ ይመላለሳል፤ ደርሶ መልስ 3,780 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በጠቅላላው 2,500 ኪሎ የሚመዝን፣ ባዶ ክብደቱ 600 ኪሎ የሆነ ባለ ፍሬን ተሳቢ ሲታከልበት 19 ኩንታል በተሳቢው ይጫናል፤ 250 ኪሎ በመንጠቆው ላይ ስለሚያርፍ በሣጥኑ የሚጫነው ወደ 6 ኩንታል ይወርዳል። ድምሩ 25 ኩንታል፣ ምልልሱም 20 ጊዜ ይሆናል። 50 ኩንታል የሚጭን የጭነት መኪና ግን ይህንኑ በ10 ምልልስ ይጨርሳል። የጭነት መኪናው በአንድ ጉዞ የበለጠ ናፍጣ ቢፈጅም፣ በኩንታል ሲሰላ ግን ከሁሉም ይቀንሳል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚመጣ ከባድ ጭነት ለብቻው ፒካፕ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ እርሱን በኪራይ የጭነት መኪና ማንሳት ይሻላል። ከማሳ እስከ አውድማና እስከ ቅርብ መጋዘን ላለው አጭር መንገድ ደግሞ ትራክተር ያለው ማኅበር በትራክተሩ ተሳቢ መጠቀም ይችላል። ፒካፕ ዋጋውን የሚመልሰው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሲኖረው ነው። ወተት በየማለዳው ለሚሰበስብ፣ የመስኖ አትክልት በየሁለት ቀኑ ገበያ ለሚያደርስ፣ የእንስሳት መድኃኒት፣ ዘርና የፓምፕ መለዋወጫ ወደ ቀበሌ ለሚያመላልስ ማኅበር ተስማሚ መኪና ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ መንገዱ ነው። በክልሉ ያለው የመሬት አቀማመጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት መኪና አያመችም። የፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራችና የመተማና የቋራ ሰሊጥ አምራች ሜዳማ መሬት ላይ ቢሆኑም በክረምት ዋልካው ጎማ ይውጣል። ለእነዚህ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ የከባድ ማርሽ ምርጫ ያለውና ከመሬት ከፍ ያለ ፒካፕ ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ በጠጠርና በአስፋልት ብቻ ለሚሠራ ግን በሁለት ጎማ የሚጎትተው ይበቃል፤ ሲገዛም ሲጠገንም ወጪው ያንሳል።

ደጋው የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በቆላ 20 ኩንታል ያለ ችግር የጎተተ መኪና በደጋ ዳገት ላይ ሊያቃስት ይችላል። ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳል። በሌላ በኩል በላንድክሩዘር ፒካፕ ላይ ለረጅም ዘመን የታወቀው ተርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ሞተር ብዙ ናፍጣ ቢጠጣም አሠራሩ ቀላል በመሆኑ የገጠር መካኒክ ይደፍረዋል። ለጎታች መኪና ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ ሞተሩ ብዙ ሳይጮህ የሚሰጠው ጉልበት መታየት አለበት።

ዳገት ከወጡ በኋላ ቁልቁለት አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን፣ የሊማሊሞን ወይም የጣርማ በርን መንገድ በጭነት ያለፈ ሾፌር ፍሬን ብቻውን እንደማያዋጣ ያውቃል። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ ከጋለም መያዙን ይተዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን፣ የኋላ መብራትና መንጠቆው ቢለቅ የሚይዝ ሰንሰለት እንዲኖረው ማድረግ የግድ ነው። በገበያ ቀን በተጫነ ተሳቢ ላይ ሰው ማሳፈር ደግሞ በምንም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም። የኩንታል ጭነት ሲንሸራተት ከላዩ ያለውን አርሶ አደር ይዞት ይሄዳል። ከገበያ የሚመለስ የቤተሰብ ኃላፊ ሕይወት በጥቂት ብር የትራንስፖርት ቁጠባ ሊለወጥ አይችልም።

አራተኛው ጥያቄ ከግዥ በኋላ ያለው ዘመን ነው። በቅርብ ከተማ መለዋወጫው የማይገኝ፣ የሚጠግነው መካኒክ የሌለ መኪና በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራና የናፍጣ ፊልትሮ ጭነት የሚጎትት መኪና ቶሎ ቶሎ የሚጠይቃቸው ናቸው። በአቧራማ መንገድ የአየር ፊልትሮው ሳይጸዳ ከቆየ፣ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣም ውኃ ይዞ ከገባ ዘመናዊ ሞተር ለከፍተኛ ወጪ ይዳርጋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ደግሞ የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን፣ ሻንሲው ተሰብሮ አለመበየዱን፣ ባሌስትራው አለመርገቡንና በዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ አለመንሸራተቱን ከታመነ መካኒክ ጋር ሆኖ ሊያይ ይገባል። ባዶ መኪና በሜዳ ላይ ነድቶ መግዛት ለጎታች መኪና ፈተና አይሆንም፤ ተጭኖ ዳገት ላይ ይሞከር።

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይም ይነሳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። በመሆኑም ገዥዎች ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ስለ ፒካፕ በወቅቱ የሚሠራበትን መመሪያ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማጣራት አለባቸው። የኤሌክትሪክ ፒካፕ ለአጭርና ለታወቀ ምልልስ፣ ለምሳሌ በከተማ ዙሪያ ወተት ለመሰብሰብ፣ የነዳጅን ወጪና ወረፋ ያስቀራል። ከባድ ተሳቢ ሲጎትት ግን በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል፣ የሚሞላበት ቦታ በሌለበት ገጠር ለረጅም መንገድ መተማመኛ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት የወረዳ አመራሮችና የማኅበራት ቦርዶች ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። የግዥ ኮሚቴው ውስጥ ሾፌር፣ መካኒክና የአርሶ አደር ተወካይ ይካተቱ። የጨረታ መስፈርቱ ካለፈው ዓመት ሰነድ ከሚገለበጥ የጭነቱን ኩንታል፣ የተሳቢውን ክብደት፣ የመንገዱን ዓይነትና የመለዋወጫ አቅርቦትን ይዘርዝር፤ የመኪና ስም ጠርቶ ውድድርን ከመዝጋት ይልቅ መኪናው ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ይግለጽ። ማኅበራት ያሏቸውን ተሳቢዎች በእህል መጋዘን የመኪና ሚዛን ላይ ባዷቸውን አስመዝነው ክብደታቸውንና የሚፈቀደውን ጭነት በጎናቸው ላይ ይጻፉ። ሾፌሩ የያዘው መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ለመጎተት የሚፈቅድ መሆኑንና መድኑ ተሳቢውን የሚሸፍን መሆኑን ከመንገድ በፊት ያረጋግጡ። የመኪናው ጉዞ፣ ጭነትና ናፍጣም በመዝገብ ሰፍሮ በጠቅላላ ጉባኤ ለአባላት ይቅረብ። ያን ጊዜ መኪናው ለማን እየሠራ እንደሆነ መዝገቡ ይናገራል።

በግሉ ለመግዛት የሚያስብ አርሶ አደርም ሊብሬውን ከፍቶ የመጫን አቅሙን ያንብብ፣ በዓመት የሚያመላልሰውን ኩንታል ይቁጠር፣ ኪራዩንና ግዥውን ያስተያይ። ብቻውን ካልቻለም ከጎረቤቶቹ ጋር በማኅበር መግዛት ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተገዛ መኪና ለዓመታት ሲያስለቅም ይኖራል። ፒካፕ ለግብርናው የሚጠቅመው ማዳበሪያው ከዘር በፊት፣ አትክልቱም ሳይጠወልግ ሲደርስበት ነው። በመሆኑም ገዥው ሁሉ ከመኪናው ስም በፊት ኩንታሉን፣ ዳገቱንና ፍሬኑን ሊያስቀድም ይገባል።