«ጠጁ ፈላ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በጀበና የተጣደው ቡና ፈላ እንላለን፤ እሳት ያልነካው ጋን ውስጥ ያለው ጠጅም ፈላ እንላለን። አንድ ቃል እጅግ ለተራራቁ ሁለት ሂደቶች መዋሉ ተማሪን ሊያደናግር ይችላል። ከዚህም ተነሥተው አማርኛ ለሳይንስ አይመችም የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም።

ቃሉ ከግዕዙ «ፈልሐ» የተገኘ ሲሆን ፍል ውኃም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ጠማቂዎች በጋኑ አፍ ላይ አረፋ ሲገነፍል አይተው ያዩትን ሰየሙ። ሮማውያንም ከዚህ የተለየ አላደረጉም፤ በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው «ፈርመንቴሽን» መሠረቱ «ፈርቬሬ» የተሰኘው የላቲን ግሥ ነው፤ ፍቺውም መፍላት። እንግዲህ የእኛ ቃል ጉድለት አለበት ከተባለ የእነርሱም አለበት።

ልዩነቱን ያመጣው ከስያሜው በኋላ የተደረገው ምርምር ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባቀረባቸው ጥናቶች ፍላት የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን አስረዳ። ኤድዋርድ ቡክነር ደግሞ በ1897 ከተፈጨ እርሾ የተጨመቀ፣ ሕያው ሕዋስ የሌለበት ፈሳሽ ስኳርን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ አሳየ፤ በ1907ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አገኘ። ይህን ለውጥ የሚያከናውኑት ኢንዛይሞች ናቸው፤ የዚህ ቃል የግሪክኛ ፍቺም «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። ስለዚህ ከጀበናው የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ሲሆን የጠጁ አረፋ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ይህን ልዩነት እናቶቻችን በተግባር ያውቁታል። የእንጀራ ሊጥ «ቦካ» እንጂ «ፈላ» አይባልም። አብሲት የምትጥል እናት ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን በፈላ ውኃ ታበስላለች፤ ሙቀቱ ስታርቹን ስለሚያላላው ለተሕዋስያኑ የተመቸ ምግብ ይሆናል። ነገር ግን አብሲቱን ወደ ቡሃቃው የምትመልሰው አቀዝቅዛ ነው፤ እንደ ፈላ ብትገለብጠው እርሾውን ይገድለዋልና። በትክክል ከተጣለ ሊጡ ኩፍ ይላል።

በእኛ እምነት የሚያስፈልገው ቃሉን መተው ሳይሆን ከነታሪኩና ከነወሰኑ ማስተማር ነው። ባዕዱን ቃል ብቻ ሸምድዶ ፈተና የሚያልፍ ተማሪ፣ በየቤቱ ያለው ቡሃቃ ቤተ ሙከራ መሆኑን ሳይገነዘብ ይቀራል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ የቡሃቃውን ክዳን ከፈት አድርጋችሁ አረፋውን ተመልከቱ፤ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ሳይንስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።