ስለ አንዲት «ኤፍ» እና ስለ ማዕረግ፤ ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሴኔትና መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በነቀምቴ ከተማ ለሚገኘው ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት አባላትና መምህራን፤



ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በነቀምቴ፣ ከዚያም በጊምቢና በሻምቡ ደጁን ከፍቶ፣ የወለጋን ልጅ ከወላጆቹ ቀዬ ብዙ ሳይርቅ ለከፍተኛ ትምህርት ያበቃውን ዩኒቨርሲቲያችሁን በማክበር፣ የምጽፈውም ቃል ከፍቅርና ከአደራ የመነጨ መሆኑን ተረድታችሁ በትዕግሥት ታነቡልኝ ዘንድ በመለመን፣ በጉቶ ጊዳ ልጆችን ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጸምሁ አንድ መምህር ይህን አቤቱታ ለኅሊናችሁ አቀርባለሁ።

አቤቱታዬ ስለ ምረቃ ማዕረግ ነው። የዚህ አገር ወላጅ ልጁ በማዕረግ ተመረቀ ሲባል ከደስታው ብዛት ያለቅሳል፤ ነገር ግን ማዕረጉ በምን እንደሚለካ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ፣ ለእናንተ የታወቀውን ሥርዓት ስለ እርሱ ብዬ ላብራራ። ተማሪው በየትምህርቱ፣ በተከታታይ ምዘናና በማጠቃለያ ፈተና፣ ከመቶ ያገኘው ውጤት ወደ ፊደል ይለወጣል፤ ፊደሉም ነጥብ አለው፤ ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ግን ዜሮ ነው። ነጥቡ በትምህርቱ ክሬዲት ይባዛል፤ የሁሉም ብዜት ተደምሮ ለክሬዲቶቹ ድምር ሲካፈል፣ ተማሪዎች ሌት ተቀን የሚያሰሉት ያ «ጂፒኤ» ይወጣል። አጠቃላይ አማካዩ 2.00 የደረሰለት ይመረቃል፤ 3.25 የደረሰለት በማዕረግ፣ 3.50 የደረሰለት በታላቅ ማዕረግ፣ 3.75 የደረሰለት በእጅግ ታላቅ ማዕረግ እንዲመረቅ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሴኔት ሕግ ተደንግጓል።

ከዚህ ድንጋጌ ጋር ግን አንድ ብርቱ እገዳ ተያይዞ ይገኛል፤ ይኸውም በትምህርት ዘመኑ ሁሉ አንዲት ኤፍ የተመዘገበችበት ተማሪ፣ አማካዩ የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ ከማዕረግ ተራ እንዲወጣ የሚያደርገው ነው። የእገዳውን ክብደት በስሌት ላሳይ። አንዲት ተማሪ 140 ክሬዲት መማር ቢኖርባትና በአንድ የ3 ክሬዲት ትምህርት ኤፍ ብታገኝ፣ በቀሩት 137 ክሬዲቶች ሁሉ ደግሞ ኤ ማይነስ ብታመጣ፣ ያ ዜሮ እንኳ ሳይሰረዝ ከነሙሉ ክብደቱ ቢታሰብባት አማካይዋ ወደ 3.67 ይሆናል፤ ይህም ለታላቅ ማዕረግ ይበቃል። ትምህርቱን ደግማ ወስዳ ብታልፍ ከዚያም ይበልጣል። አማካዩ ድክመቷን አንድ ጊዜ ቀጥቷታል፤ እገዳው ግን ለዚያው ጥፋት ሁለተኛ ይቀጣታል። በአንድ በደል ሁለት ጊዜ አይፈረድም የሚለው የርትዕ ሥርዓት በፍርድ ቤት ከተከበረ፣ በትምህርት ቤት የማይከበርበት ምክንያት አይታየኝም።

የኤፍ ምክንያቱም ዘወትር ስንፍና ወይም የእውቀት ማነስ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የጋራ ትምህርቶችን እንዲወስዱ መደረጉን ታውቃላችሁ፤ ከገጠር የመጣው ልጅ፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃን በመጽሐፍና በቤተ ሙከራ እጥረት ጨርሶ፣ በሕይወቱ አይቶት በማያውቀው የአዳራሽ ሕዝብ ብዛት መካከል የዩኒቨርሲቲን የእንግሊዝኛ ገለጻ መጀመሪያ የሚሰማው በዚያ በአንደኛው ዓመት ነው። ኤፍ የምትበዛውም በዚያን ጊዜ ነው። በዚያው በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ፣ በመጋቢትም በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ተዘጉ፣ ከዚያም ወዲህ በጸጥታ መታወክ መንገድ ሲዘጋ ለፈተና መድረስ ያልቻለ፣ የቤተሰቡን ሞት ሰምቶ ከፈተና ክፍል የወጣ ልጅ እንዳለ እኛ በዚህ የምንኖር እናውቃለን። የእንደዚህ ያለው ልጅ ውጤት አስቀድሞ «ያልተሟላ» ተብሎ ይጻፋል፤ ማስረጃውን ከወረዳ አስጽፎ፣ ማኅተም አስደርጎ፣ በተወሰነው ቀን ለሬጅስትራር ካላደረሰ ግን ያች ምልክት ወደ ኤፍ የምትለወጥበት ጊዜ አለ። በትራንስክሪፕቱ ላይ የሰነፍ ኤፍና የሐዘንተኛ ኤፍ አንድ ዓይነት ናት፤ ወረቀቱ መለየት አይችልም፣ መለየት የሚችለው የእናንተ ኅሊና ነው።

ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ያፈራው የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለ። የድጓ ተማሪ በየደብሩ ዜማውን ቀጽሎ፣ ተሳስቶ፣ ተገሥጾ፣ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ በመጨረሻ ለምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪም እንዲሁ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ መምህሩ የሚመረምረው ዛሬ በአፉና በልቡ ያለውን ነው፤ ከስንት ዓመት በፊት በየትኛው መንደር ስንት ጊዜ እንደ ተሳሳተ የሚቈጥር መዝገብ በመካከላቸው የለም። ፈተናው ግን እጅግ ጽኑ ነበር፤ በቤተልሔም የተመሰከረለት ሰው በየትም ደብር ይታመን ነበርና። የነቀምቴንም ታሪክ ብናይ፣ በሕፃንነቱ ለባርነት ተሽጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በአፋን ኦሮሞ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጕሞ፣ ወደዚህች ከተማ መጥቶ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፈው፣ ከፊደል ጋር ዘግይቶ የተገናኘ ሰው ነበር፤ አገሩ ያከበረው ግን በፈጸመው ሥራ ነው።

ማዕረግ ይርከስ፣ ለሁሉም ይታደል ማለቴ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ሲሰጥ፣ ከመቶ 50 ማምጣት የቻሉት ከተፈተኑት ከግማሽ በታች መሆናቸው፣ በየግቢው በልግስና የታደለ ውጤት ምን ያህል እንደ ነበረ ለሁላችን ገልጦልናል። በዝምድና፣ በጥቅም ወይም በአፍረት የተሰጠች ኤ፣ ያለ አግባብ ከተሰጠች ኤፍ ያላነሰች በደል ናት፤ እንዲህ ያለ ኤ የተሰጠው ተማሪ ማዕረግ የሚያገኘው ያለ ድካሙ ነውና። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ውጤት ከመላኩ በፊት ተማሪው የታረመ ወረቀቱን ያይ ዘንድ ፍቀዱለት። 74 ያገኘውና 75 ያገኘው ተማሪ በዕውቀት ምንም የሚለዩ አይደሉም፤ አንዱ ግን ቢ ተብሎ 3፣ ሁለተኛው ቢ ፕላስ ተብሎ 3.5 ይጻፍለታል፤ ከ90 እስከ 100 ያለው ዐሥር ነጥብ ግን ከ4 በላይ አንዳች አይጨምርም። ወሰን ላይ የቆመ ወረቀት በደከመ ዓይን በሌሊት ከታረመ፣ በማግሥቱ በተረጋጋ ልብ እንደ ገና መታየት ይገባዋል፤ ይህ የአንድ ሰዓት ድካም ነው፣ ለተማሪው ግን ምናልባት የረዳት መምህርነት ዕጣው፣ ወይም የነፃ ትምህርት ዕድሉ፣ ወይም የባንክ የሥራ ማስታወቂያ ከሚጠይቀው አማካይ በላይ ወይም በታች መሆኑ የሚወሰንበት ነው።

የሴኔት አባላትን የምለምነው ከዚህ የሚከተለውን ነው። በአንደኛ ዓመት የተገኘችና ትምህርቱ ተደግሞ በመልካም ውጤት የታለፈች ኤፍ ከማዕረግ እንዳትከለክል፣ ይህ ከባድ መስሎ ከታያችሁም፣ ቢያንስ በሕመም፣ በሐዘንና በመንገድ መዘጋት የመጣችው ከሌላው ተለይታ በኮሚቴ እንድትመረመር፣ የምርመራውም ውሳኔ ከነምክንያቱ ለተማሪው በጽሑፍ እንዲደርሰው ሕጉን አሻሽሉ። የማዕረጉ ቅድመ ሁኔታ አዲስ ተማሪ በተቀበላችሁበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለእያንዳንዱ ይሰጥ፤ ብዙዎች ይህን ሕግ የሚሰሙት ጋዋን ሲለኩ፣ ወላጆቻቸው ከገጠር ለመምጣት የመኪና ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ነገሩ በመጪው የሴኔት ጉባኤ አጀንዳ ውስጥ ይግባ፤ የሚወሰነውም ውሳኔ፣ ቢፈቅድም ቢከለክልም፣ የዘንድሮው የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ አስቀድሞ ይነገረን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከጉቶ ጊዳ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር