በሩቅ ያለ ጎተራ፦ የኮምፒውተር መረጃችንን ለማን አደራ እንስጥ?

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ የተነሳ እሳት ከ600 በላይ የመንግሥት የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ሥራ አስቆመ። ከጉዳቶቹ ሁሉ የከፋው «ጂ ድራይቭ» በተባለው የመንግሥት ሠራተኞች የጋራ ማከማቻ ላይ የደረሰው ነው። 858 ቴራባይት መረጃ የያዘው ይህ ማከማቻ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከእሳቱ ጋር አብሮ ጠፋ። ሰነዳቸውን በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን በዚሁ ማከማቻ ብቻ እንዲያኖሩ የታዘዙ ሠራተኞች የዓመታት ሥራቸውን አጡ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የነጋዴው ሒሳብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላትና የብድር ዝርዝር፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል። ብዙ ሰው «በፍላሽ ገልብጬዋለሁ» ብሎ ይጽናናል፤ ነገር ግን ፍላሹ የሚያድረው ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሌባ ቦርሳውን ሲወስድ ወይም ቤት ሲቃጠል ዋናውም ቅጂውም አብረው ይሄዳሉ። በኢንተርኔት አማካይነት መረጃን በሩቅ ስፍራ የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች የተፈለጉት ለዚህ ነው። ከባዱ ነገር የሚታመነውን ከማይታመነው መለየት ነው።

ገበሬ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም፤ የሚዘራውን ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል። ዓለምም ይህንኑ ልማድ ተከትሎ በ2000 ዓ.ም በኖርዌይ ስቫልባርድ የዘር መጠባበቂያ ማከማቻ ከፍቷል። በሶሪያ አሌፖ አቅራቢያ ይሠራ የነበረው የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ፣ ጦርነቱ የዘር ባንኩን እንዳይጠቀም ሲያደርገው፣ በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ በስቫልባርድ ካኖረው ላይ 38 ሺህ ገደማ ናሙናዎችን አስመልሶ በሞሮኮና በሊባኖስ ዘርቶ አባዛ። በዚህ ውስጥ ለኮምፒውተር መረጃም የሚሠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። ማከማቻው ከአደጋው የራቀ ነበር፤ ሣጥኑን የመክፈት መብት ያስቀማጩ ብቻ ነበር፤ አደራው በተጠየቀ ጊዜ ተመለሰ።

የመጀመሪያው መለኪያ ርቀት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም የፈረንሳዩ ኦቪኤች ክላውድ ኩባንያ በስትራስቡርግ ያለው የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ መጠባበቂያ ቅጂያቸውም በዚያው ግቢ ይቀመጥ እንደነበር የተረዱት ከእሳቱ በኋላ ነው። ጉዳያቸውን ፍርድ ቤት ያደረሱም ነበሩ። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪው መረጃውን ስንት ቦታ፣ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚያኖር በውሉ ላይ በግልጽ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። «በክላውድ ነው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ ክላውድ ማለት በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ነውና።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ አለ። ፋይልን በስልክና በኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያመሳስል አገልግሎት ሁሉ መጠባበቂያ አይደለም። አንዱ ጋ በስሕተት የተሰረዘ ሰነድ ሌላውም ጋ ይሰረዛል። በግንቦት 2009 ዓ.ም በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያጠቃው «ዋናክራይ» ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቫይረስ ሲገባ የተቆለፈው ፋይል ጤነኛውን ተክቶ ወደ ማከማቻው ሊላክ ይችላል። የሚታመን አገልግሎት የቀደሙትን ቅጂዎች ቢያንስ ለ30 ቀናት ያህል ሳይነካ ያቆያል።

ሁለተኛው መለኪያ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው። በ2004 ዓ.ም ከድሮፕቦክስ የተሰረቀው ከ68 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች የኢሜይል አድራሻና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ስፋቱ በይፋ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። መረጃው ከኮምፒውተራችን ሳይወጣ ተመስጥሮ፣ መፍቻው በባለቤቱ ዘንድ ብቻ የሚቀር ከሆነ፣ ማከማቻው ቢሰረቅ እንኳ ሌባው የሚያነበው አይኖርም። ይህ ግን ዋጋ አለው፤ መፍቻ ቃሉን የረሳ ሰው ኩባንያውም ሊረዳው አይችልም። ቃሉን በወረቀት ጽፎ፣ ከኮምፒውተሩ ርቆ፣ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ማኖር ይገባል።

ሦስተኛው የአገልግሎቱ ዘላቂነት ነው። ኒርቫኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመስከረም 2006 ዓ.ም ሊዘጋ ሲል፣ ደንበኞቹ መረጃቸውን እንዲያወጡ በመጀመሪያ የሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። በእኛ አገር ፍጥነት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። 100 ጊጋባይት መረጃ በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት በሚያልፍ መስመር ለማመላለስ፣ መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ፣ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ነፃ አገልግሎትም ደንብ አለው፤ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ ይችላል። ክፍያ የሚጠይቁት የውጭ ኩባንያዎች ደግሞ ብዙዎቻችን የሌለንን ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ይፈልጋሉ፤ በዘመድ ካርድ የተከፈለ ውል ዘመዱ መክፈል ያቆመ ዕለት ያበቃል።

በአገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። በብር መከፈሉና ቅሬታ ሲኖር የሚቀርብ ቢሮ መኖሩ ጥቅም ነው፤ ሆኖም ስለ ርቀትና ስለ ቁልፍ የተነሡት ጥያቄዎች ለአገር ውስጡም ሊቀርቡ ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ አካል በደኅንነት እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። የአባላትን ስምና ብድር በኮምፒውተር የያዘ ማኅበር ማከማቻ ሲመርጥ ይህን ማሰብ አለበት።

የመጨረሻው መለኪያ ማስመለስ ነው፤ ይህንንም ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊፈትነው አይችልም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጫን አያስፈልግም፤ ቢጠፋ የማይተካውን ሰነድ አስቀድሞ መላክ፣ በሳምንቱም ከሌላ ኮምፒውተር ጠርቶ መክፈት ይበቃል። ካልተከፈተ አገልግሎቱን ለመለወጥ ገና ጊዜ አለ። ከተከፈተም አንድ ተጨማሪ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ በሌላ ቤት፣ ከታመነ ዘመድ ዘንድ ማኖር ተገቢ ነው። ገበሬ ዘሩን ለዘመን መለወጫ ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀንም እንደሚያስብለት ሁሉ፣ የመረጃም መጠባበቂያ የሚዘጋጀው ኮምፒውተሩ ደኅና ሳለ ነው።