የሚጥሚጣዋን ዶሮ ማን ሠራት?

ለፋሲካ እናቴ ቤት ጎንደር ነበርኩ። ከወለቃ የገዛኋትን የሸክላ ዶሮ ገበታው ላይ አስቀመጥኳት። ጀርባዋ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ሚጥሚጣ ይያዝበታል። ልጆቹ እየሳቁ ተሻሙባት። አንዲት የሰፈራችን እናት ግን እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው "ከወለቃ ነው እንዴ?" አሉ። ሥጋውን ያለ ሚጥሚጣ በሉት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ቤት የሴት መልክ ያለው የወይን ጠርሙስ መክፈቻ አለ። ስትጠመዘዝ እጆቿ ወደ ላይ ይነሳሉ። ስሟ "አና ጂ" ነው፤ ጣሊያናዊው አርክቴክት አሌሳንድሮ ሜንዲኒ የነደፋት፣ አሌሲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ያወጣት። እንግዳ ሁሉ ያደንቃታል። የሠሪው ስም ይጠራል፣ ዋጋዋም በስሙ ልክ ነው።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። የቤተ እስራኤል ሴቶች ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ፣ አንበሳውን፣ ጀበና የያዘችውን ሴት፣ በአንድ አልጋ የተኙትን ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባን ሲሠሩ ኖረዋል። ይህ ጨዋታ ካልሆነ ምን ጨዋታ ነው? እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያውን የቀሩት ጎረቤቶች ያዙት። "ቡዳ" የሚለው ስድብ ግን አውሮፕላን አልተሳፈረም፤ እዚሁ ቀረ።

አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ያቺ ዶሮ ገበታ ላይ ታፍራለች።

"ሸክላ ይሰበራል፣ ዘይት ይመጣል" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ከውጭ የሚመጣው ሲኒስ አይሰበርም? ሸክላን በደንብ ማሟሸት እናቶቻችን ያውቁበታል። ለሚጥሚጣ፣ ለጨው፣ ለቆሎ ደግሞ ማሟሸትም አያስፈልገው። የጎደለው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ የሚሰጥ ሆቴልና ስም የሚጠይቅ ገዢ ነው። ከሥሩ ሁለት ቃል፣ የሠሪዋ ስምና "ወለቃ"፣ ሸክላው ሳይደርቅ በእሾህ ቢጫርበት ምን ያስወጣል?

ሌላውን ብቻ ልውቀስ አልልም። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስም መጠየቅ እንጀራዬ ነው። ያቺን ዶሮ ስገዛ ግን ሃያ ብር አስቀንሼ፣ የሠሪዋን ስም ሳልጠይቅ መጣሁ። እኚያ እናት ጣታቸውን ሰበሰቡ፣ እኔ ኪሴን ሰበሰብኩ። ልዩነታችን እምብዛም ነው።

ለጥምቀት ጎንደር የምትመጡ፣ ወለቃ ጎራ በሉ። ከመከራከራችሁ በፊት ስሟን ጠይቁ። እኔም የሃያ ብር ዕዳዬን ይዤ እመለሳለሁ።