ስርዝ ድልዝ የሌለበት ፈተና

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ተሠራጭቶ በመገኘቱ በተሰረዘ ጊዜ፣ ሌሊቱን በጥናት ባሳለፉ ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ የደረሰውን ኀዘን የሚያስታውስ ሰው፣ ጥያቄን በወረቀት አትሞ፣ አሽጎና በመኪና ጭኖ ከአገር ዳር እስከ ዳር ማድረስ ምን ያህል ለሌባ የተጋለጠ ሥራ እንደ ሆነ ያውቃልና፣ ፈተና ወደ ኮምፒዩተር ይዛወር የሚለውን አሳብ ሊነቅፍ አይችልም፤ እኔም አልነቅፈውም። ሆኖም አዲሱ መሣሪያ የእጅ ጽሕፈትን ፈጽሞ መተካት የለበትም፤ የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ ከአላፊ አግዳሚው በቴሌብር እየተቀበለ፣ የጎረቤቱን ዱቤ ግን ባለዕዳው ዓይኑ እያየ በደብተር ይጽፋል።

በ2015 ዓ.ም. በየትምህርት ዘርፉ መሰጠት በጀመረው የከፍተኛ ትምህርት መውጫ ፈተና ግን ተመራቂው ብዙ ዓመት የተማረውን ትምህርት የሚያስመሰክረው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ከተደረደሩ አማራጮች አንዱን በመምረጥ ነው። ለዚህ ኮምፒዩተሩን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጉደል ይሆናል፤ ክብ በእርሳስ የሚጠቆርበት የመልስ ወረቀትም ከዚህ የበለጠ አልጠየቀምና።

በእጅ የተጻፈ መልስ ያረመ መምህር ግን የጎደለውን ያውቃል። ስለ ዋጋ ንረት የተጠየቀ ተማሪ ምክንያቱ የገንዘብ መብዛት ነው ብሎ ይጀምርና፣ ቆም ብሎ ይሰርዘዋል፤ ከበላዩም በጠባቡ መስመር፣ ገንዘቡ ከምርቱ ይልቅ ሲበዛ ነው ብሎ ያርማል። በዚያች ስርዝ ድልዝ ውስጥ ልቡናው ራሱን ሲመረምርና ሲያቀና ይታያል፤ መልሱ ፍጹም ባይሆን እንኳ መምህሩ ከየት ጀምሮ እንደሚያስተምረው ያገኝበታል። በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙሩ ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ በመምህሩ ፊት ሲነግር፣ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ብትሆን የገዛ ራሱ ድርሰት መሆን ይገባታል፤ መምህሩም የተሰበረውን እዚያው ያቃናለታል።

በቤት ተሠርቶ የሚመጣ ጽሑፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ተጽፎ ሊቀርብ በሚችልበት በዚህ ዘመን፣ ተማሪው ራሱ ማሰቡን የምናረጋግጥበት ሥፍራ ከሁሉ ይልቅ የፈተናው አዳራሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን መጠበቅ፣ ማድረስና ምርጫውን መቍጠር የኮምፒዩተሩ ድርሻ ይሁን፤ ከዚሁ ጋር በየትምህርቱ ዘርፍ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በእስክሪብቶ በአንድ ገጽ እንዲመለስ ይደረግ። የተፈታኙ ስም ተሸፍኖ፣ የማይተዋወቁ ሁለት መምህራን ለየብቻ ያንብቡት፤ በማርኩ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመር። ብዙ አራሚና ብዙ ቀን እንደሚጠይቅ አይካድም፤ በአንድ የትምህርት ዘርፍ ተጀምሮ አቅም በፈቀደ መጠን ሊሰፋ ይችላል፤ ለአራሚዎቹም የድካማቸው ዋጋ በበጀት ይያዝላቸው።